ያልተጠቀለለው ገጀራ

የጎረቤታችን የቪራ ገጀራ ሲገዛ እንደማንኛውም ገጀራ ሰፊ ነበር ይባላል። እኔ የማውቀው ግን ከመሞረድ ብዛት ቀጥኖ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ዓሣ የመሰለውን ነው። ሌላው ሰው ገጀራው ሲያልቅበት ከተማ ወርዶ አዲስ ይገዛል። እሱ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ይቀመጥና እጀታውን በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ ሞረዱን ይመላልስበታል። እኛ ጎረቤቶቹ የምንነቃው በዚያ ድምፅ ነበር።

በዚያ ገጀራ ኮኮናት ፈልጧል፣ ጎደሬ ልጧል፣ አጥር ቆርጧል፣ ለሰርግ የታሰበ አሳማ አርዷል። ሚስቱ ስትወልድ የልጁ እትብት የተቆረጠው በሱ ነው። ልጁ ሳምንት ሳይሞላው ሲሞት የትንሿን ሳጥን ሳንቃ ያስተካከለውም በሱው ነው። ሕፃኑን ከባሕሩ ዳር፣ አባታቸው ለሁለቱ ወንድማማቾች በተወላቸው የኮኮናት ቦታ ወሰን ላይ ቀበሩት። በእኛ መንደር ስም ያልወጣለት ሕፃን መቃብሩ ላይ ድንጋይ አይቆምም። ቦታውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የረሳ ይረሳዋል።

ሚስቱም ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ከዚያ በኋላ ለቪራ የቀረው ሰው ታናሽ ወንድሙ ታሪ ነበር።

ታሪ ቦታውን ረሳው። ወይም ደግሞ ከነጭራሹ አላወቀውም፤ ልጁ ሲቀበር እሱ ከተማ ወደብ ላይ መርከብ ሲያራግፍ ነበር። ብቻ አንድ ዓመት ችግኝ ይዞ መጣና ወሰኑ ላይ ኮኮናት ተከለ። ቪራ ገጀራውን ይዞ ወረደና ችግኞቹን አንድ በአንድ ይመነጥራቸው ጀመር። ታሪ ሮጦ ደረሰና ክንዱን ያዘው።

«ምን ሆነህ ነው? አበድክ?»

ቪራ ክንዱን አስለቀቀና ገጀራውን አነሳበት። አልመታውም። ገጀራው አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ። ታሪ ግን አይቶታል፤ ከባሕሩ መረብ ይዘው የሚመለሱት ሴቶችም አይተዋል። እኛ ጋ ገጀራ በወንድሙ ላይ ያነሳ ሰው መታው ማለት ነው፤ የሚለየው ደም አለመኖሩ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም፤ ካንድ መሬት የወጣ ቦዬም፣ ያን ባለሐረግ ሥራ ሥር፣ አብረው አልበሉም።

ይህን የሚፈታው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያነሳው ሰው ራሱ ያንኑ ገጀራ በግራ እጁ ይይዛል፤ ስለቱን ወደ ራሱ ያዞራል፤ ምንም ሳይሸፍነው ሰው ሁሉ እያየው ይሄዳል። ከቤቱ ከወጣ ጀምሮ ገጀራው ምንም አይቆርጥም፣ ሣር እንኳ፤ መሬትም አይነካም። የተነሳበት ሰው ይቀበለውና ጥሬ ቦዬ ለሁለት ይከፍልበታል። ቦዬው ይጠበሳል፣ አብረው ይበሉታል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያን ጠብ በአፉ የሚያነሳ ሰው አሳማ ይቀጣል። ቦዬው እስኪበላ ድረስ ደግሞ ማንም «እርቅ» የሚለውን ቃል አይጠራም። ገጀራውን በቅጠል ወይም በጨርቅ ጠቅልሎ የሚመጣ ካለ ሆዱ ውስጥ ገና የቀረ ነገር አለ ማለት ነው፤ ከበር ይመልሱታል።

ቪራ አልሄደም። መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ በኋላ ቁጣው አለቀና እፍረቱ ቀረ። ሽማግሌዎች ሲጠይቁት «ዝናቡ ያባራና» ይላል። ዝናቡ ሲያባራ «ቦዬው ይድረስና» ይላል። ታሪ ሚስቱ ስትሞትበት ሴት ልጁን ሮዝሊንን ይዞ ጠቅልሎ ከተማ ገባ። ቪራ ገጀራውን መሞረዱን ቀጠለ።

መልእክቱ የመጣው በባኒ ስልክ ነው። ባኒ ባለጀልባው ነው፤ ከሱ ማረፊያ በቀር የስልክ ሞገድ የሚገኝበት የለም። የደወለችው ሮዝሊን ነበረች።

«ባኒ፣ ለአጎቴ ንገርልኝ። አባዬ ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ የቀረው ጥቂት ቀን ነው እያለኝ ነው። እሱ ደግሞ ከገበያ ቦዬ ግዢልኝ አለኝ። ጥሬውን። አልጋው ሥር አስቀምጬዋለሁ። ይገባዋል፣ ዝም ብለህ ንገረው።»

ባኒ ሄዶ ነገረው። ቪራ «እሺ» አለና ገጀራውን ከግድግዳው አወረደ። ያን ቀን ሞረዱ ከሰዓት በኋላም ሲጮኽ ዋለ። ማታ ሸሚዙን አጥቦ ሰቀለው።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ባኒ ጀልባው ላይ የደረቀ ኮኮናት ጆንያ ሲጭን ቪራን አየውና እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

«እሱን ነገር ጠቅልለው እንጂ።»

«ምኑን?»

«ገጀራውን ነዋ! ከተማ ክልክል ነው። ሬዲዮ አትሰማም እንዴ?»

«ሬዲዮዬ ባትሪ ከጨረሰ ስንት ጊዜው።»

«ሕግ ወጥቷል አንተ ሰውዬ። ገበያ ውስጥ አንድ ልጅ በገጀራ ከተገደለ ወዲህ ገጀራ ተጠቅልሎ፣ ታስሮ፣ ለሥራ ከሆነ ብቻ ነው የሚያዘው። ያለዚያ መሣሪያ ይዞ ሰው ሊገድል ነው ይሉሃል። ይኸው የሩዝ ጆንያ።»

«ጠቅልዬ ሄጄ ታሪን ምን ልበለው? ልገልህ መጣሁ ልበለው?»

«ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ ትፈታዋለህ።»

«ሮዝሊን በመስኮት ስፈታው ብታየኝስ?»

«በቃ ጣቢያ ሲያጉሩህ ሚስቴን ሩዝ ቀቅለሽ ውሰጂለት አልላትም።»

«የሚስትህን ሩዝ ከምበላ መታሰሩ ይሻለኛል» አለ ቪራ። ጀልባው ላይ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ለብዙ ጊዜ ሲቀልድ አልሰሙትም ነበር፤ ባኒ ይህን ሁልጊዜ ያነሳዋል። ያን ጠዋት ፊቱ እንደ ወጣት ሆኖ ነበር ይላል።

መንገድ ላይ ፀሐዩ በረታና ባኒ እሸት ኮኮናት ወረወረለት። ቪራ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተመለከተው።

«ምን ታየዋለህ? ቁረጥና ጠጣ።»

«ዛሬ አይቆርጥም።»

ባኒ የራሱን ገጀራ አውጥቶ ቆረጠለት፤ ከዚያም የራሱን መልሶ በጆንያው ጠቀለለው።

ወደቡ ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል። ባንድ በኩል ራቁቱን የተያዘ ገጀራ አለ፤ በቀይ ተሰርዟል። በሌላው በኩል ተጠቅልሎ የታሰረ ገጀራ አለ፤ አረንጓዴ ምልክት ተደርጎበታል። ቪራ ፊቱ ቆሞ ብዙ አየው።

«ገልብጠው ነው የሳሉት» አለ ለባኒ። «የሚያስፈራውን ፈቅደው የማያስፈራውን ከለከሉ።»

«አንተ ሂድና አስተምራቸው እንግዲህ» አለው ባኒ። ጆንያዎቹን ሊያወርድ ቀረ።

ቪራ ብቻውን በገበያው መሃል አለፈ። ገጀራው በግራ እጁ ነው፤ ስለቱ ወደ ሆዱ ዞሯል። ከእኛ ደሴት የመጡ ጥቂት ሴቶች አይተው ገባቸው፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው መንገድ ለቀቁለት። የሌሎቹ ደሴቶች ሴቶች ግን ጎመናቸውን ወደ ኋላ ጎተቱ። አንዷ «አባባ፣ ከማን ጋር ነው ቀጠሮው?» ብላ ጮኸች። ሌላዋ «ሚስቱን ይሆናላ የሚፈልገው፣ አንቺ ተደበቂ!» አለቻት። ተሳሳቁ። ቪራ አልዞረም።

የሆስፒታሉ ቆርቆሮ ጣሪያ መታየት ሲጀምር አንድ ፖሊስ ከፊቱ ቆመ። ካልታክ ይባላል፤ ከደቡብ ደሴቶች የመጣ ወጣት ነው። ያ ልጅ ገበያ ውስጥ የተገደለ ቀን ተሸክመው ካወጡት አንዱ እሱ ነበር። ይህን በኋላ ራሱ ነው የነገረን።

«አባባ፣ ይቁሙ እስቲ። ገጀራውን መሬት ላይ ያስቀምጡልኝ።»

«መሬት አይነካም ልጄ።»

«ለምን?»

«ለወንድሜ ነው።»

ካልታክ አካባቢውን አየ። ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ሽማግሌውን ማሰር አልፈለገም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባባ፣ ለሥራ ነው አይደል? አትክልት ቦታ እየሄዱ ነው? እንደሱ ይበሉኝና ጋዜጣ ፈልጌ እጠቀልልልዎታለሁ። ከዚያ ይሄዳሉ።»

«ዛሬ ሥራ የለውም።»

«የሥራ ገጀራ አይደለም?»

«ነበር። ዛሬ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ይዘውት መጡ?»

«ለወንድሜ አልኩህ እኮ። ተጣልተናል።»

«ተጣልታችኋል?»

«አዎ። ይህንኑ ገጀራ ነው ያነሳሁበት።»

«ስለቱ የተሳለ ይመስላል።»

«ትናንት ስስለው ዋልኩ። ለወንድም ደነዝ አይወሰድም።»

«የት ነው ወንድምዎ አሁን?»

«እዚያ» አለ ቪራ በአገጩ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ እያመለከተ። «አልጋ ላይ ነው። መነሳት አይችልም። ልቀቀኝ፣ እየመሸበት ነው።»

ካልታክ በዚህን ጊዜ ላብ አጠመቀኝ ይላል። ሽማግሌው የሚናገረው ረጋ ብሎ ነው፤ ፊቱ ላይ ክፋት የለም። ቃሉን ግን ለማንም ፖሊስ ቢናገረው ሌላ ትርጉም አይሰጥም። ቪራ «እርቅ» ቢል ኖሮ ባንድ ቃል ያልቅ ነበር። ቦዬው ሳይበላ ያን ቃል መጥራት ግን በራስ አንደበት ማፍረስ ነው።

ካልታክ አጅቦ ወደ ጣቢያ ወሰደው። በር ላይ ባንዲራው ሥር ሲደርሱ ቪራ ገጀራውን ራሱ ሰጠው። «በግራ እጅህ ያዝልኝ» ብሎ ለመነው። ካልታክ በግራ እጁ ተቀበለ። ከዚያ ግን ደንቡ እንደሚያዘው በጋዜጣ ጠቀለለው፣ በሲባጎ አሰረውና መደርደሪያ ላይ አኖረው። ቪራ ይህን ሲያይ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ባኒ ኮኮናቱን ሸጦ ከሰዓት በኋላ ታሪን ሊጠይቅ ሆስፒታል ገባ። ሁለቱን ወንድማማቾች አብረው ሊያይ ጓጉቶ በር ላይ ሆኖ «ቦዬው ለኔ ተረፈ?» ብሎ ጮኸ። ሮዝሊን ከአባቷ አልጋ አጠገብ ብድግ አለች።

«አጎቴ አብሮህ አልመጣም?»

«ከኔ ቀድሞ ነው የወጣው!»

ከዚያ ማንም ሳይነግራት ገባት። ሮጣ ጣቢያ ደረሰች።

«ሰውየው ለእርቅ ነው የመጣው!» አለችው ካልታክን። እሷ ከተማ ያደገች ናት፤ ቃሉን አልፈራችውም።

«እህቴ፣ እርቅ አላለኝም እኮ። ጠብ ነው ያለኝ። ደግሜ ደጋግሜ ጠየቅኩት።»

«እኛ ጋ እንደዚያ ነው የሚባለው!»

«እኔ ምን አውቄ? እኛ ጋ ምንጣፍ ነው የሚወሰደው።»

ካልታክ አለቃውን ፈለገ። አለቃው ለቅዳሜና እሑድ ወደ ትውልድ ደሴቱ ተሻግሯል። ጉዳዩ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ገጀራው ማስረጃ ነው፤ ከሰኞ ችሎት በፊት ከመደርደሪያው አይነሳም። ካልታክ የቻለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እስረኛውን ራሱ አጅቦ፣ ባዶ እጁን፣ ሆስፒታል አድርሶ ሊመልሰው። ይህን ለቪራ ነገሩት።

«አልሄድም» አለ ቪራ። ገጀራው ከተጠቀለለ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«አጎቴ፣ በእናትህ!» ሮዝሊን በፍርግርጉ መሃል እጁን ያዘችው። «እየሞተ ነው። ዝም ብለህ ና። ማን ያይሃል?»

«እሱ ያየኛላ። ቦዬ ገዝቶ እየጠበቀኝ ባዶ እጄን ልግባ? ባዶ እጁን የገባ ሰው አላነሳሁም ብሎ ካደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ይዤው ብመጣም አይቀበለኝም፣ መቀበልም የለበትም። ሰኞ አመጣዋለሁ በይው።»

«ሰኞ የለም አጎቴ።»

«ታሪ ጠንካራ ነው። ሰኞ በይው።»

ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ በዚህ ነገር ይከራከራሉ። አንዳንዱ መሄድ ነበረበት ይላል። ሌላው ደግሞ ሄዶ ቢሆን ምን ይዞ ነበር የሚሄደው ይላል። እኔ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ የትኛውም አያሳርፈኝም።

ሮዝሊን ተመልሳ ለአባቷ ነገረችው። ታሪ ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማ ቆየና አንድ ነገር ጠየቃት።

«ተጠቅልሎ ነበር?»

«አይደለም አባዬ። ራቁቱን ነው። በግራ እጁ።»

«ስለቱስ?»

«ወደ ራሱ።»

ታሪ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ደገፈችው። «ሞኝ» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። «ከተማ መሃል! ያን ሁሉ ሰው አልፎ!» ከዚያ ቦዬውን ከአልጋው ሥር አውጥታ አጠገቡ እንድታስቀምጥለት ለመናት። ቅዳሜን እጁን እሱ ላይ አድርጎ ዋለ። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሳይደወል አረፈ።

ሰኞ ችሎት ፊት ካልታክ ራሱ ስለ ቪራ ተናገረ። ዳኛው ነገሩ ገባቸውና አዘኑ። ቪራን በነፃ አሰናበቱት። ገጀራው ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። መሣሪያ ሆኖ የተያዘ ይወረሳል፣ ይጠፋል፤ የሥራ ዕቃ ከሆነ ብቻ ነው የሚመለሰው። ዳኛው ጎንበስ ብለው ጠየቁት።

«አባቴ፣ ይህ ገጀራ ኮኮናት የሚፈልጡበት የሥራ ዕቃዎ ነው? አዎ ካሉኝ ይዘውት ይሄዳሉ።»

ቪራ የታሪን መሞት ጠዋት ሰምቷል። መደርደሪያው ላይ ከነበረበት ያመጡትን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አየ።

«ከእንግዲህ ምንም አይደለም» አለ። «ውሰዱት።»

ታሪን በባኒ ጀልባ አምጥተን መንደር ቀበርነው። ቪራ ከሬሳው ጋር ባንድ ጀልባ መጣ፤ ግን ከኋላ ጫፍ ተቀምጦ ነው። ቀብሩ ላይ አፈር አልጨመረም፤ ጠብ ያልፈታ ሰው አይጨምርም። ሮዝሊን መሃል መንደር ቆማ ሽማግሌዎቹን ለመነቻቸው።

«አባቴ ሰምቷል እኮ! እንዴት እንደያዘው ነግሬዋለሁ፣ ስቋል። አይበቃም?»

የመንደሩ ሹም መለሰላት። «ታሪ ማወቁ ደስ ይለናል ልጄ። ቦዬው ግን አልተቆረጠም። ማን ይቁረጠው? በምን?»

ሮዝሊን ወደ ከተማ ከመመለሷ በፊት ቦዬውን አምጥታ የቪራ በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። ጫፉ ላይ ቡቃያ ብቅ ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ቦዬ ሲተከል ይቆረጣል፤ ቡቃያ ያለበት ጫፉ ለብቻ ይተከላል፣ ሌላው ይበላል። ቪራ እንዳለ ይዞት ወረደ፤ የልጁ መቃብር ያለበት፣ የወንድሙን ችግኞች የቆረጠበት ወሰን ላይ። በእንጨት ቆፈረና ሙሉውን ቀበረው።

ገጀራ ዳግመኛ አልገዛም። ጎደሬውን በዛጎል ይልጣል፤ ሳይሆንለት ሲቀር የባኒ ሚስት ትልጥለታለች፤ ሩዟንም ይበላል። እኛ ያለ ሞረድ ድምፅ መንቃት ለመድን።

አንድ ጊዜ ካልታክ በባኒ ጀልባ መጣ። የደንብ ልብሱን አልለበሰም። ከሱቅ የገዛውን አዲስ ገጀራ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። አሸዋው ላይ ሲወርድ ባኒ ምን እንዳለው አላውቅም፤ ብቻ ቆመና ሲባጎውን ፈታ፣ ጋዜጣውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ገጀራውን በግራ እጁ፣ ስለቱን ወደ ራሱ አዙሮ በመንደሩ መሃል አለፈ። ሰው ሁሉ ከየበሩ ወጥቶ አየው። ቪራ በረንዳው ላይ እስኪደርስ ጠበቀው።

«ልጄ፣ አንተ ምን አነሳህብኝ?» አለው። «ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም። የሥራ ገጀራ ነው እሱ፤ አባትህ ጋ ውሰደው።»

ቪራ ከቤቱ ጥግ እሸት ኮኮናት አንስቶ ሰጠው። «ጠምቶሃል። እኔ መቁረጫ የለኝም።» ካልታክ መሬት ላይ አድርጎ ቆረጠ፣ ግማሹን ውሃ አፈሰሰው። «አዙረህ ነው እንጂ፣ ከዓይኑ በኩል» አለው ቪራ። ካልታክ አዙሮ ቆረጠ። ተራ በተራ ጠጡ። ጀልባው ሲነሳ ካልታክ ጋዜጣውን ከኪሱ አወጣና ገጀራውን መልሶ ጠቀለለ፤ ከተማ ሊገባ ነውና።

የቦዬው ሐረግ በየዓመቱ የአባታቸውን ኮኮናት ይዞ ይወጣል። ቅጠሉ ሲደርቅ የመንደሩ ሰው ሁሉ የየራሱን ይቆፍራል። ቪራም ወርዶ ደረቁን ሐረግ በእጁ ይሰበስብለታል፣ አፈሩን ያስተካክልለታል። ሥሩ አሁን ስንት ሰው እንደሚያበላ የሚያውቅ የለም። አልቆፈረውም።